የኢትዮጵያውያን ስምና ዓመት በዋቢ ዝርዝር ውስጥ

በፊዚክስ መጽሔቶች ዘንድ የተለመደው ዋቢን በቁጥር መጥቀስ ነው፤ ይህ ብዙም አያስቸግርም። የሚያስቸግረው የስም አጻጻፍ ነው። የምዕራባውያን ሥርዓት የቤተሰብ ስምን ያስቀድማል፤ የእኛ ሁለተኛ ስም ግን የአባት ስም ነው። በመሆኑም በ1991 እ.ኤ.አ. የዘመናዊ ኢትዮጵያን ታሪክ በእንግሊዝኛ ያሳተሙት ፕሮፌሰር ባሕሩ ዘውዴ በአንዱ ዝርዝር «ባሕሩ»፣ በሌላው «ዘውዴ» ተብለው ይገኛሉ። በአንደኛው ስም ብቻ የሚፈልግ ተማሪ ግማሹን ሥራ ሳያገኝ ይቀራል፤ የልጅ ድካምም ለአባት ይመዘገባል! መጽሔቱ ካላስገደደን በቀር ስሙን ሳንገለብጥ በሙሉ መጻፍን እንመርጣለን። ዓመትም ጥንቃቄ ይሻል፦ በ2000 ዓ.ም. የታተመ መጽሐፍ በእ.ኤ.አ. የ2007 ወይም የ2008 ሊሆን ስለሚችል፣ ወሩ ካልታወቀ «ዓ.ም.» የሚለውን ጨምረን እንዳለ እንተወዋለን።