ስለ ዜማ ምሥጢር

ነቢዩ ኤልሳዕ ስለ ውኃ ጭንቅ በተጠየቀ ጊዜ አስቀድሞ በገና ደርዳሪ አስጠራ፤ ያም ሲደረድር የእግዚአብሔር እጅ በነቢዩ ላይ እንደ ሆነች በመጽሐፈ ነገሥት ካልእ እናነባለን። ዳዊትም በበገናው የሳኦልን መንፈስ ያሳርፍ ነበር። እንግዲህ ይህ ኃይል ከወዴት ነው? ከአውታሩ ነውን? ጥያቄው ቀላል አይደለም፤ ዜማ ሰውን ወደ እግዚአብሔር እንደሚመስጠው ሁሉ ወደ ራሱም ሊስበው ይችላልና። የሂጶው ኤጲስ ቆጶስ አውግስጢኖስ በ4ኛው መቶ ዓመት ፍጻሜ ገደማ በጻፈው ኑዛዜው፣ ከሚዜመው ቃል ይልቅ ድምፁ ልቡን ሲማርከው በደል አድርጎ እንደሚቈጥረው ተናግሯል። ዛሬ በድምፅ ማጉያ ብርታት የማኅሌትን ማማር የምንለካ እኛስ ምን እንል ይሆን?

የእኛ አባት ቅዱስ ያሬድ በዚህ ነገር ታላቅ ምስክር ነው። በ6ኛው መቶ ዓመት በአክሱም፣ በንጉሥ ገብረ መስቀል ፊት ቆሞ ሲያዜም፣ ንጉሡ የተደገፈበት ጦር የያሬድን እግር ወጋው። ደሙ ፈሰሰ፤ ዜማው ግን አልተቋረጠም። ወጊውም ተወጊውም አላወቁም። ማኅሌቱ ሲፈጸም ንጉሡ አይቶ ደነገጠ፤ የሚወድደውንም ሁሉ ሊሰጠው ቃል ገባለት። እርሱ ግን የለመነው ወደ ምናኔ ይሄድ ዘንድ እንዲያሰናብተው ብቻ ነበር፤ ወደ ስሜንም ሄደ። መታሰቢያው ግንቦት 11 ቀን ነው።

ይህን ታሪክ ስንሰማ ሁልጊዜ የምንደነቀው በመመሰጡ ነው፤ ደሙን ግን ፈጥነን እናልፈዋለን። ለእኛ የሚመስለን ግን ምሥጢሩ ያለው በደሙ ነው። ያሬድ የተመሰጠው ሕመም በሌለበት ስፍራ አይደለም፤ እየተወጋ ነው።

ሊቃውንትም ይህን አልዘነጉም። የዜማው ምልክቶች፣ ማለት ድፋት፣ ሂደት፣ ቅናት፣ ይዘት፣ ቁርጥ፣ ጭረት፣ ርክርክና ደረት፣ የጌታችንን ሕማም ያስታውሳሉ ብለው ያስተምራሉ። ይዘት መያዙን፣ ቁርጥ ሊገድሉት መቍረጣቸውን፣ ጭረት የግርፋቱን ሰንበር፣ ርክርክ የደሙን ነጠብጣብ ያመለክታል። እነዚህን ምልክቶች በ16ኛው መቶ ዓመት፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንዳደራጇቸው ይነገራል። በብራና ላይ ከፊደሉ በላይ በደቃቅ ቀለም የሚታዩት እነዚህ ናቸው፤ ተማሪው ዓመታት ፈጅቶ የሚያጠናቸውም እነርሱን ነው። ድጓውን የሚያዜም ሰው እንግዲህ ቢያውቅም ባያውቅም በሕማሙ ምልክት ላይ ይሄዳል። ከበሮውም የተገረፈው ጌታ ምሳሌ ነው፤ ጠፍሩ የሰንበሩ መልክ ነው ይላሉ።

ይህ ነገር በአዲስ አበባ ምዕራብ፣ በኮልፌ ቀራንዮ፣ እጅግ ግልጥ ሆኖ ይታየናል። ሰፈሩ ስሙን የወሰደው ጌታ ከተሰቀለበት ስፍራ ስም ነው፤ ቤተ ክርስቲያኑም የመድኃኔ ዓለም ነው። የስቅለቱ መታሰቢያ መጋቢት 27 ይውላል። ቀኑ ግን በዐቢይ ጾም ውስጥ ስለሚገባ፣ በዚያም ወራት በሥርዓቱ ከበሮና ጽናጽል ስለሚያርፉ፣ አባቶች በደስታ የሚከበረውን በዓል ወደ ጥቅምት 27 አዛወሩት። በጥቅምት ከበሮው ይመታል፤ ሕዝቡም በእልልታ ይከተላል። በመጋቢት ካህናቱ በመቋሚያ ብቻ ዝማሜውን ያደርሳሉ።

በጥቅምቱ ብዙዎች ይመጣሉ፤ ይህም መልካም ነው። እኛ ግን ዜማ ምን እንደ ሆነ ለመማር የሚወድድ ሰው በመጋቢቱም ቀን መጥቶ ይቁም እንላለን። ጌታ የተገረፈበትን ነገር የሚያስታውሰው ከበሮ በዚያ ቀን በዕቃ ቤት ነው። የሚሰማው የሰው ድምፅ ብቻ ነው፤ ከላዩም ይዘትና ርክርክ እየተመላለሱ፣ መቋሚያዎቹ በአንድነት ወደ ቀኝና ወደ ግራ ያዘነብላሉ።