ጉልበትና ኃይል፦ የብስክሌት ጫማን ከፔዳል የማጣመር ፊዚክስ

በተክለ ሃይማኖት በኩል ወደ መርካቶ የሚያልፍ ሰው በእጅ ጋሪ ዕቃ የሚያጓጉዙ ሠራተኞችን ሳያይ አይቀርም። ሠራተኞቹ ጆንያ ሲጭኑ ክብደቱ ከጎማዎቹ ዘንግ በላይ እንዲያርፍ ይጠነቀቃሉ። ጭነቱ አንድ ስንዝር ወደ ኋላ ቢንሸራተት ክብደቱ አይለወጥም፤ በክንዳቸው ላይ የሚያርፈው ጫና ግን ወዲያው ይጨምራል። ይህ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የምንማረው የመፈንቅል ሕግ ነው፤ የኃይል ውጤት የሚወሰነው በመጠኑ ብቻ ሳይሆን ኃይሉ ባረፈበት ነጥብና በማዞሪያው ማዕከል መካከል ባለው ርቀት ጭምር ነው።

ይኸው ሕግ በብስክሌተኛ ጫማ ሥርም ይሠራል። ልዩነቱ፣ እዚያ ርቀቱ የሚለካው በስንዝር ሳይሆን በሚሊ ሜትር፣ ጫናውም የሚያርፈው በቁርጭምጭሚትና በጉልበት ላይ መሆኑ ነው። በዚህ ጽሑፍ ጫማን ከፔዳል ጋር የሚያጣምረውን ክሊት የተባለ ቁራጭ እንዴት በትክክል ማሰር እንደሚቻልና ጥቂት ሚሊ ሜትሮች ለምን ያን ያህል እንደሚያሳስቡ እንመለከታለን። በአማርኛችን «ጉልበት» የሚለው ቃል መገጣጠሚያውንም ብርታትንም ስለሚገልጽ፣ እዚህ «ጉልበት» ስንል መገጣጠሚያውን፣ «ኃይል» ስንል ደግሞ በኒውተን የሚለካውን መጠን ማለታችን መሆኑን አንባቢ ልብ ይሏል።

ከጠፍር ወደ ክሊት

የኢትዮጵያ ብስክሌት ተወዳዳሪዎች እ.ኤ.አ. በ1956 (በእኛ አቆጣጠር በ1949 ዓ.ም.) በሜልቦርን ኦሊምፒክ በተሳተፉበት ዘመን፣ የውድድር ብስክሌተኞች እግራቸውን ከፔዳል ጋር የሚያያይዙት የጫማውን ጫፍ በሚያቅፍ ብረትና በቆዳ ጠፍር ነበር። ዘዴው እግር እንዳይንሸራተት ይረዳል፤ ነገር ግን ጠፍሩ የጠበቀ እንደ ሆነ ለመውረድ እጅን ዘርግቶ ማላላት ያስፈልጋል።

የፈረንሳዩ ሉክ ኩባንያ ከበረዶ ሸርተቴ ማሰሪያ ትምህርት ወስዶ እ.ኤ.አ. በ1984 ጠፍር የማያስፈልገው ፔዳል አወጣ። ከጫማው ሥር የታሰረው ክሊት በፔዳሉ ላይ ሲጫን በሞላ ኃይል ይቆለፋል፤ ተረከዝ ወደ ውጭ ሲዞር ደግሞ ይለቃል። በርናር ኢኖ በቀጣዩ ዓመት ቱር ደ ፍራንስን በዚህ ፔዳል አሸነፈ። የጃፓኑ ሺማኖ እ.ኤ.አ. በ1990 በሁለት ብሎን የሚታሰር አነስተኛ የብረት ክሊት አቀረበ። እ.ኤ.አ. በ2016 ጽጋቡ ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ የተሳተፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሲሆን፣ ክሊት በውድድሩ ዓለም የተለመደ መሣሪያ ከሆነ ብዙ ዓመታት አልፈው ነበር።

ክሊት ጥቅሙ እግርን አንድ ቦታ ላይ ማጽናቱ ነው። ጉዳቱም ከዚሁ ይመነጫል። በተራ ፔዳል ላይ ያለ እግር ምቾት ሲያጣ ሳናስተውለው ቦታውን ያስተካክላል፤ በክሊት የታሰረ እግር ግን በተሰጠው ቦታ ይቆያል። በደቂቃ 90 ጊዜ የሚያሽከረክር ብስክሌተኛ በአንድ ሰዓት 5,400፣ በሦስት ሰዓት ደግሞ 16,200 ዙር ያደርጋል። ክሊቱ በስሕተት የታሰረ እንደ ሆነ ያው ስሕተት ይህን ያህል ጊዜ ይደጋገማል ማለት ነው።

አንደኛው ልኬት፦ ፊትና ኋላ

አንድ ብስክሌተኛ ፔዳሉን በ300 ኒውተን ገደማ፣ ማለትም 30 ኪሎ ግራም በሚመዝን ዕቃ ክብደት ያህል ይጫን እንበል። ለስሌት እንዲመች ኃይሉ ለጫማው ሶል ቀጥ ያለ ነው ብለን እንውሰድ። ከቁርጭምጭሚት እስከ ፔዳሉ ዘንግ ያለው ርቀት 12.5 ሴንቲ ሜትር ከሆነ በቁርጭምጭሚት ላይ የሚፈጠረው አዟሪ ኃይል ወይም ቶርክ፦

300 × 0.125 = 37.5 ኒውተን ሜትር

ይሆናል። ይህን ቶርክ የሚመክተው የባት ጡንቻ ሲሆን፣ የሚስበውም በተረከዝ ጅማት አማካይነት ነው። ጅማቱ ከቁርጭምጭሚቱ ማዕከል ያለው ርቀት 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ቢሆን በውስጡ የሚያልፈው ኃይል 37.5 ÷ 0.05 = 750 ኒውተን ነው። ጅማቱ ፔዳሉ ላይ ካረፈው ኃይል ሁለት እጥፍ ተኩል ይሸከማል ማለት ነው።

አሁን ክሊቱን 1 ሴንቲ ሜትር ወደ ተረከዝ እንሳበው። ርቀቱ 11.5 ሴንቲ ሜትር፣ ቶርኩ 34.5 ኒውተን ሜትር፣ የጅማቱ ኃይልም 690 ኒውተን ይሆናል። ብስክሌተኛው የሚጫነው ኃይል ሳይቀንስ ጅማቱ በእያንዳንዱ ዙር ከ60 ኒውተን ሸክም ዐረፈ። ይሁን እንጂ ክሊትን እጅግ ወደ ኋላ መሳብም ዋጋ አለው፤ እግር ወደ ፊት ስለሚወጣ በአንዳንድ ብስክሌቶች ላይ መሪው ሲዞር የጫማው ጫፍ የፊት ጎማውን ሊነካ ይችላል፤ ኮርቻውንም ጥቂት ዝቅ ማድረግ ሊያስፈልግ ይችላል።

ስለዚህ መነሻው መካከለኛው ቦታ ነው። ጫማውን አጥልቀን በአውራ ጣትና በትንሿ ጣት መሠረት ላይ የሚገኙትን ጎላ ያሉ አጥንቶች በእጃችን እንዳስስና ቦታቸውን በጫማው ጎንና ጎን በፕላስተር ላይ ምልክት እናድርግ። ጫማው በፔዳል ላይ አግድም ሲሆን የፔዳሉ ዘንግ በሁለቱ ምልክቶች መካከል እንዲያልፍ ክሊቱን እናስቀምጥ።

ሁለተኛው ልኬት፦ ማዕዘን

ጉልበት በዋናነት እንደ በር ማጠፊያ የሚሠራ መገጣጠሚያ ነው፤ መታጠፍና መዘርጋት ሥራው ሲሆን የመጠምዘዝ ነፃነቱ ውስን ነው። የእግር አቀማመጥ ደግሞ ከሰው ሰው ይለያያል። ጠረጴዛ ጠርዝ ላይ ተቀምጠን እግሮቻችንን ዘና አድርገን ብናንጠለጥል የአንዳንዱ ጣቶች ቀጥ ብለው ወደ ፊት፣ የአንዳንዱ ጥቂት ወደ ውጭ ሲያመለክቱ እናያለን። ቀኝና ግራም አንድ ላይሆኑ ይችላሉ።

ክሊቱ በፔዳሉ ውስጥ ምንጊዜም ወደ ፊት ያመለክታል። በመሆኑም ጣቶቹ ወደ ውጭ የሚያመለክቱ ሰው የክሊቱ ጫፍ ከጫማው አንጻር ጥቂት ወደ አውራ ጣት ወገን እንዲዞር ማሰር አለበት። ይህ ካልተደረገ እግር በተፈጥሮ ወዳዘነበለበት ለመሄድ ይሞክራል፣ ክሊቱ ይከለክለዋል፣ በመካከል ያለው ጉልበት ጥምዘዛውን ይቀበላል።

ያገለገለ ጫማ የሚገዛ ተማሪ በተለይ ሊያስብበት የሚገባው ይህ ነው። በጫማው ሥር የተተወው የቀድሞ ክሊት ጠባሳ የሌላ ሰው እግር ማዕዘን ነው። ክሊቱን በዚያው ጠባሳ ላይ መልሶ ማሰር የሌላ ሰው መነጽር እንደ ማድረግ ይቆጠራል።

ሦስተኛው ልኬት፦ ግራና ቀኝ

ከፊት ሆኖ ሲታይ ጉልበት ሲወጣና ሲወርድ ከእግሩ በላይ መሆን ይገባዋል። ጉልበቱ ኃይሉ ከሚያልፍበት መስመር 2 ሴንቲ ሜትር ወደ ጎን ቢያፈነግጥ 300 × 0.02 = 6 ኒውተን ሜትር የሆነ ወደ ጎን የሚያጥፍ ቶርክ ይፈጠራል። ክሊቱን ወደ ጫማው ውስጠኛ ጎን ስንወስደው እግር ከብስክሌቱ ይርቃል፤ ወደ ውጭኛው ጎን ስንወስደው ይቀርባል። ጓደኛ ከፊት ቆሞ ቢመለከት ልዩነቱን በቀላሉ ይለየዋል።

ተመሳሳይ ቀለም፣ ተቃራኒ ትርጉም

አብዛኞቹ ክሊቶች ተረከዝ ሳይለቅ ጥቂት ዲግሪ እንዲዞር ይፈቅዳሉ። በሦስት ብሎን የሚታሰሩት የፕላስቲክ ክሊቶች ይህን በቀለም ያሳውቃሉ። በሺማኖ ቢጫው 6 ዲግሪ፣ ሰማያዊው 2 ዲግሪ፣ ቀዩ ደግሞ ዜሮ ነው። በሉክ ኬዮ ግን ቀዩ 9 ዲግሪ፣ ግራጫው 4.5 ዲግሪ፣ ጥቁሩ ዜሮ ነው። እንግዲህ «ቀይ» ማለት በአንዱ ዘንድ ፈጽሞ የማይዞር፣ በሌላው ዘንድ ከሁሉ ይልቅ የሚዞር ማለት ነው። የሁለቱ ኩባንያዎች ክሊትና ፔዳል እርስ በርሳቸውም አይገጥሙም። ለጀማሪ ነፃነት ያለው ክሊት ይመረጣል፤ የማዕዘን ስሕተትን በተወሰነ ደረጃ ይቅር ይላልና። ከሁሉ በፊት ግን ጫማው ባለ ሁለት ወይስ ባለ ሦስት ቀዳዳ መሆኑን ማረጋገጥ ያሻል።

ማጥበቅና መልመድ

ብሎኖቹ ግራሶ ተቀብተው በጥቂት በጥቂቱ፣ እየተፈራረቁ ይጠብቃሉ። ለሺማኖ ክሊቶች የሚመከረው ቶርክ ከ5 እስከ 6 ኒውተን ሜትር ነው። የቶርክ መለኪያ መፍቻ የሌለው ሰው መጠኑን በሐሳቡ እንዲህ ሊገምተው ይችላል፦ 10 ሴንቲ ሜትር በሚረዝም መፍቻ ጫፍ ላይ 5 ሊትር ውኃ የያዘ ጀሪካን ቢንጠለጠል 5 ኒውተን ሜትር ገደማ ይሰጣል። የላላ ብሎን አደገኛ ነው፤ ተረከዝ ሲዞር ጫማው ብቻ ዞሮ ክሊቱ በፔዳሉ ውስጥ እንደ ተቆለፈ ስለሚቀር እግር ከፔዳሉ ላይለቅ ይችላል።

የፔዳሉን ሞላ መጀመሪያ እስከ መጨረሻው አላልተን፣ ግድግዳ ተደግፈን፣ መቆለፍንና መልቀቅን በሁለቱም እግር ደጋግመን እንለማመድ። ወደ መንገድ ከወጣን በኋላም እግርን ማላቀቅ ከመቆም መቅደም አለበት። በአዲስ አበባ በ2016 ዓ.ም. በተጀመረው የኮሪደር ልማት የብስክሌት መስመሮች ተሠርተዋል፤ መገናኛዎችና እግረኞች ግን በየትም አሉ።

ከማንኛውም ለውጥ በፊት የክሊቱን ዙሪያ በብዕር ማስመር፣ በአንድ ጊዜ አንዱን ልኬት ብቻ በ2 ሚሊ ሜትር ያህል መለወጥና በአጭር ጉዞ መፈተን ይገባል። ይህ በቤተ ሙከራ የምንከተለው ሥርዓት ነው፤ ሁለት ነገር አብሮ የለወጠ ሰው ውጤቱ ከየትኛው እንደ መጣ አያውቅም። ሕመሙ ከቀጠለ ጉዞውን አቁሞ ሐኪም ማማከር ይሻላል። ክሊት ሲያልቅ በሌላ ይተካል፤ ጉልበት ግን መለዋወጫው አይገኝም።

መልመጃ

1. በደቂቃ 80 ዙር የሚያደርግ ብስክሌተኛ በሁለት ሰዓት ስንት ዙር ያደርጋል?
2. ኃይሉ 400 ኒውተን ሆኖ ክሊቱ 15 ሚሊ ሜትር ወደ ተረከዝ ቢሳብ የቁርጭምጭሚቱ ቶርክና የጅማቱ ኃይል በስንት ይቀንሳሉ?

መልስ፦ 1) 9,600 ዙር፤ 2) ቶርኩ በ6 ኒውተን ሜትር፣ የጅማቱ ኃይል በ120 ኒውተን።