ከወይኑ ግንድ እስከ ጽዋው፤ የወይን ጠጅ መጥመቂያ ጉብኝት ምን ያስተምረናል?



ካህኑ በመሥዋዕተ ቅዳሴ ጽዋውን ሲያቀርብ፣ በውስጡ ያለው ወይን ምድር ያበቀለችው፣ ሰውም የደከመበት ስጦታ መሆኑን ቤተ ክርስቲያን በጸሎቷ ታሳስበናለች። በመጋላ ተወልዶ ያደገ ልጅ ግን ከዚህ ስጦታ የሚያውቀው እኩሌታውን ነው። ስንዴው በቀፊራ ገበያ ሲሸጥ፣ በወፍጮ ቤት ሲፈጭ፣ በዳቦ ቤት ሲጋገር ያያል፤ ወይኑን የሚያውቀው በጠርሙስ ብቻ ነው። ስለዚህም የዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 15 በሚብራራበት ጊዜ፣ የወይን ቅርንጫፍ ሲከረከም አይቶ የማያውቅ መምህር አይተው ለማያውቁ ልጆች ይናገራል።

ከዚህ የተነሣ መምህራን ደጋግመው የሚያነሡት ጥያቄ አለ። «ወይኑ ወደሚተከልበትና ወደሚጠመቅበት ሥፍራ ሄደን ብናይስ? ይሁንና አብዛኞቹ ጎረቤቶቻችን የአልኮል መጠጥ በማይቀምሱበት ሠፈር እየኖርን፣ የወይን ጠጅ ወደሚቀመስበት ቤት መሄዳችን ማሰናከያ አይሆንም ወይ?» ጥያቄው ሁለት ነገሮችን አንድ ላይ ይዟል፤ አንደኛው እውቀት፣ ሁለተኛው ፍቅር ነው። መልሳችን በአጭሩ ይህ ነው፤ ለመማር ለሚሄድ፣ በልክ ለሚቀምስና ባልንጀራውን አስቦ ለሚመለስ ሰው ጉብኝቱ መልካም ነው። ምክንያቱን ከዚህ በታች በዝርዝር እንመለከታለን።

1. ወዴት እንሄዳለን?

የወይን ጠጅ ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። በመጀመሪያው መቶ ዓመተ ምሕረት አንድ ግሪክኛ ተናጋሪ ነጋዴ ስለ ቀይ ባሕር ንግድ በጻፈው መጽሐፍ፣ ወደ አዱሊስ ወደብ ከሚገቡት ዕቃዎች መካከል ከሎዶቅያና ከኢጣልያ የሚመጣ ጥቂት የወይን ጠጅ ይገኝ እንደነበር መዝግቧል። በዘመናችንም አዲስ አበባ የሚገኘው የአዋሽ ወይን ጠጅ ፋብሪካ «ጉደር»ንና «አክሱማይት»ን በመሳሰሉ ምርቶቹ ለብዙ ዓመታት ታውቋል።

ተክሉንና መጥመቂያውን በአንድ ሥፍራ ለማየት ለሚፈልግ ግን የሚመቸው ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በዝዋይ (ባቱ) የሚገኘው የካስቴል ወይን ጠጅ መጥመቂያ ነው። ይህ የፈረንሳይ ኩባንያ የቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ ባለቤት በመሆኑ በአገራችን ይታወቃል። በዝዋይ የወይን ተክል ሥራውን እ.ኤ.አ. በ2007 ጀምሮ፣ የመጀመሪያዎቹን ጠርሙሶች እ.ኤ.አ. በ2014 ለገበያ አቀረበ። በሥራው መነሻና በመጀመሪያዎቹ ጠርሙሶች መካከል ሰባት ዓመታት አልፈዋል። ወይን ቸኩሎ ለሚጠብቀው ሰው ፍሬ እንደማይሰጥ ከዚህ እንማራለን።

ከድሬዳዋ የሚነሣ ሰው በሚኤሶ፣ በአዋሽ፣ በመተሐራና በአዳማ አልፎ ከሞጆ ወደ ደቡብ ይታጠፋል። መንገዱ ሙሉ ቀን የሚወስድ ስለሆነ እዚያው ማደር ያስፈልጋል። ሥፍራው የሥራ ቦታ ነውና፣ ጎብኚዎች አስቀድመው ደውለው ወይም ጽፈው ፈቃድና ቀጠሮ መያዝ ይገባቸዋል።

2. በወይኑ ቦታ

የወይን ቦታው ከ100 ሄክታር በላይ ስፋት አለው። የተተከሉትም ሜርሎ፣ ሲራ፣ ካበርኔ ሶቪኞን የተባሉት ቀይና ሻርዶኔ የተባለው ነጭ የወይን ዓይነቶች ናቸው። የዝዋይ ሐይቅ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,600 ሜትር ከፍ ብሎ የሚገኝ በመሆኑ፣ ቀኑ ቢሞቅም ሌሊቱ ይቀዘቅዛል። ፀሐይ ፍሬውን ታጣፍጠዋለች፤ የሌሊቱ ቅዝቃዜ ደግሞ ኮምጣጣነቱ ፈጽሞ እንዳይጠፋ ይረዳዋል። አሸዋማው መሬት ውሃ አያቁርም፤ ስለዚህም ሥሩ አይበሰብስም።

በአውሮፓ የወይን ተክል በክረምት ቅጠሉን አራግፎ ያርፋል። በእኛ አገር ግን ብርዱ ስለማያስተኛው፣ የዕረፍቱንና የፍሬውን ጊዜ የሚወስነው ገበሬው በመቀስ ነው። ቅርንጫፉ ካልተከረከመ ተክሉ ኃይሉን በቅጠልና በሐረግ ይጨርሳል፤ ዘለላውም ይመነምናል። እዚህ ላይ መምህሩ ቆም ብሎ ይመልከት። የሚቆረጠው የደረቀው ብቻ አይደለም፤ ለምለም የሆነውም ብዙ ፍሬ እንዲሰጥ ይቆረጣል። ጌታችን ስለ አባቱ የእርሻ ሥራ የተናገረውን ቃል ልጆች በዚህ ምሳሌ በቀላሉ ይረዱታል፤ የታመመ ወይም ያዘነ ጎልማሳም መጽናናትን ያገኝበታል።

በእርሻው ዙሪያ ጉማሬና ጅብ የመሳሰሉት አራዊት እንዳይገቡ ቦይ ተቆፍሮለታል። ነቢዩ ኢሳይያስ በምዕራፍ 5 ስለ ወይን ቦታው ባለቤት ሲናገር አጥርን፣ ግንብንና መጥመቂያን ለምን እንደዘረዘረ ይህን ያየ ሰው ወዲያው ይገባዋል። ሳይጠበቅ የሚያፈራ የወይን ቦታ የለም።

በተጨማሪም ጎብኚው የሠራተኞቹን እጅ ይመልከት። መከርከሙ፣ ሐረጉን በሽቦ ላይ ማሰሩ፣ ዘለላውን መልቀሙ ብዙ የሰው ጉልበት ይጠይቃል። የዝዋይ ሐይቅ ለመስኖ፣ ለአበባ እርሻዎች፣ ለዓሣ አጥማጆችና ለከተማው ሕዝብ መጠጥ የሚያገለግል የጋራ ውሃ መሆኑንም አንርሳ። ስለ ሠራተኛው ደመወዝና ስለ ውሃው አጠቃቀም በትሕትና መጠየቅ የክርስቲያን ጎብኚ መብትም ግዴታም ነው። በመሠዊያ ላይ የምናቀርበው ስጦታ የድካም ፍሬ ነው ካልን፣ የደካሚው ኑሮ ሊያሳስበን ይገባል።

3. በመጥመቂያው ውስጥ

ዘለላው ከተለቀመ በኋላ ፍሬው ከአገዳው ተለይቶ ይፈነዳል። ለቀይ ወይን ጭማቂው ከነልጣጩ እንዲብላላ ይደረጋል፤ ቀለሙ የሚገኘው ከልጣጩ ነውና። ለነጭ ወይን ግን አስቀድሞ ይጨመቅና ጭማቂው ብቻ ይብላላል። እርሾው በጭማቂው ውስጥ ያለውን ስኳር ወደ አልኮልና ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለውጠዋል፤ በአንድ ሊትር ውስጥ የሚገኝ 17 ግራም ያህል ስኳር 1 በመቶ አልኮል ይሰጣል። ከዚያም ወይኑ በማይዝግ ብረት በተሠሩ ታላላቅ ጋኖች ወይም በእንጨት በርሜል እየጠራ ይቆያል።

ጠላና ጠጅ ለሚጠምቁ እናቶቻችን ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ልዩነቱ የወይን ፍሬ የሚያስፈልገውን ስኳርና ውሃ በራሱ ውስጥ መያዙ ነው። ጠጅ ማርና ውሃ፣ ጠላም እህል ይፈልጋል፤ ወይን ግን ከራሱ ፍሬ ብቻ ወይን ይሆናል። ይህ ነጥብ ኋላ ስለ ጽዋው ስንናገር ያስፈልገናልና መምህራን በልባቸው ይያዙት።

4. በቅምሻው ክፍል

ቅምሻ ማለት መጠጣት ማለት አይደለም። በጽዋው ሥር ጥቂት ብቻ ይቀዳል። በመጀመሪያ በዓይን ይታያል፤ ጤነኛ ወይን ጥርት ያለ ነው። ቀጥሎ ጽዋው በቀስታ ተዙሮ ይሸተታል፤ የፍሬ መዓዛ ካለው መልካም፣ የሆምጣጤ ወይም የሻገተ ሽታ ካለው ተበላሽቷል። በመጨረሻ ጥቂት ወደ አፍ ይወሰዳል። ምራቅን የሚያመነጨው የወይኑ ኮምጣጣነት ሲሆን፣ እንደ ጠነከረ ሻይ አፍን የሚያደርቀው ከልጣጩና ከዘሩ የመጣ ነው። ከቀመሱ በኋላ ለዚሁ በተዘጋጀው ዕቃ ውስጥ መትፋት የተለመደ ነው። በእኛ ባህል በሰው ፊት መትፋት ነውር ቢሆንም፣ በዚያ ክፍል እንደ ጨዋነት ይቆጠራል፤ ማንም አይፈር።

ልኩን በቁጥር እንየው። 50 ሚሊ ሊትር የሚያህል ሦስት ጊዜ ተቀድቶለት ሁሉንም የዋጠ ሰው 150 ሚሊ ሊትር ጠጥቷል፤ ይህም ሙሉ የወይን ጽዋ ነው። «ቀመስሁ እንጂ አልጠጣሁም» የሚለው ቃል ያን ጊዜ እውነት አይሆንም። መኪና የሚነዳ ሰው ፈጽሞ አይቅመስ። ልጆችም ተክሉን ይጎብኙ፤ በቅምሻው ግን አይሳተፉ። መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 31 ወይን በልኩ ሲጠጣ ደስታን፣ ከልክ ሲያልፍ ጠብንና ውርደትን እንደሚያመጣ ያስተምራል።

ከሁሉ በላይ ልናስብለት የሚገባን ሰው አለ፤ ይኸውም በስካር ተጎድቶ መጠጥን የተወ ወንድም ወይም እኅት ነው። ለእርሱ አንዲት ጉንጭ የብዙ ዓመት ድካሙን ታፈርሳለች። «ለዛሬ ብቻ» ብሎ የሚገፋፋው ሰው ይበድለዋል። ቤተ ክርስቲያን ራሷ ለእንዲህ ያሉ ልጆቿ እናት ናት። ጌታችን ክርስቶስ በእያንዳንዱ መልክ ሙሉ በሙሉ እንዳለ የትሬንቶ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1551 አስተምሯል፤ ስለዚህ በኅብስቱ መልክ ብቻ የሚቆርብ ምእመን ምንም አይጎድልበትም። ወይን መጠጣት ለማይችል ካህንም፣ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2003 የእምነት ትምህርት ጉባኤ ባወጣው መመሪያ መሠረት፣ ባሕርዩ ሳይለወጥ መብላላቱ በተገታ የወይን ጭማቂ እንዲቀድስ በጳጳሱ ሊፈቀድለት ይችላል።

5. ለጽዋው የሚሆነው የትኛው ነው?

በላቲን ሥርዓት ሕገ ቀኖና ቁጥር 924፣ በምሥራቃውያን አብያተ ክርስቲያናት ሕገ ቀኖና ደግሞ ቁጥር 706 ሦስት ነገሮችን ይጠይቃሉ፤ ወይኑ የተፈጥሮ እንዲሆን፣ ከወይን ፍሬ የተገኘ እንዲሆን፣ ያልተበላሸም እንዲሆን። ባዕድ ነገር ሊጨመርበትም አይገባም። ቅድስት መንበር እ.ኤ.አ. በሰኔ 15 ቀን 2017 ለጳጳሳት በላከችው ደብዳቤ፣ ኅብስቱና ወይኑ ዛሬ በየሱቁ ስለሚገኙ ጥራታቸው በጥንቃቄ እንዲጠበቅ አሳስባለች።

ስለዚህ ጠጅ ምንም ያህል ቢጣፍጥ ለጽዋ አይሆንም። በአማርኛ «የወይን ጠጅ» ማለታችን አንዳንዱን ያሳስታል፤ ማር የወይን ፍሬ አይደለም። ከሌላ ፍሬ፣ ከስኳርና ከቀለም የተቀመመ መጠጥም «ወይን» የሚል ጽሑፍ ቢለጠፍበት አይሆንም። በአገራችን በጥንታዊው ልማድ ከዘቢብ የሚዘጋጀውን በተመለከተ፣ ቀለሙና ጣዕሙ የእውነተኛ ወይን መሆኑ የታወቀ እንደሆነ ቤተ ክርስቲያን ትቀበለዋለች። ጣፋጭ ወይን በሚገዛበት ጊዜ ጣዕሙ ከፍሬው ይሁን ከተጨመረ ስኳር መጠየቅ ያስፈልጋል፤ የትኛው ለመሠዊያ እንደሚሆን የሚወስነው ግን ሱቁ ሳይሆን የሀገረ ስብከቱ ባለ ሥልጣን ነው።

ለድሬዳዋ ደግሞ ልዩ ማሳሰቢያ አለን። የተከፈተ ጠርሙስ አየር ሲያገኝ ባክቴሪያዎች አልኮሉን ወደ ሆምጣጤ ይለውጡታል፤ የከተማችን ሙቀትም ይህን ያፋጥነዋል። ትናንሽ ጠርሙሶችን መግዛት፣ አጥብቆ መክደን፣ በቀዝቃዛ ሥፍራ ማስቀመጥ፣ ከቅዳሴ በፊትም ማሽተት ይገባል። በቅምሻው ክፍል የተማርነው እዚህ ይጠቅመናል። የቤተ መቅደሱ አገልጋይ ጥርጣሬ ካደረበት፣ አፍሮ ዝም ከማለት ይልቅ ካህኑን ከቅዳሴ በፊት ይንገረው። ፈጽሞ ሆምጣጤ በሆነ ወይን ምሥጢሩ አይፈጸምምና።

6. ወደ መጋላ ስንመለስ

ከደቻቱ ወዲህ ማዶ ያለው ሠፈራችን፣ በአንድ ግቢ እየኖርን ቡና የምንጠራራበት፣ በሐዘንና በደስታ የማንለያይበት ነው። ቅዱስ ጳውሎስ በሮሜ መልእክቱ ምዕራፍ 14 ስለ ምግብና ስለ መጠጥ ነጻነት ያለው ሰው ነጻነቱን ለወንድሙ ማነጽ እንዲያውለው ይመክራል። ምክሩ የተጻፈው ስለ ምእመናን እርስ በርስ ግንኙነት ቢሆንም፣ ፍቅሩ እስከ ጎረቤት ይደርሳል።

ስለሆነም ከጉብኝቱ የሚመለስ ሰው ጠርሙስ አንጠልጥሎ በጋራው ግቢ አይለፍ፤ የወይን ስጦታም ለማይጠጣ ቤት አያምጣ። ሾፌሩ ሙስሊም ከሆነ ወደ ቅምሻው ክፍል እንዲገባ አይገፋፋ። ሆኖም የሄደበትን መደበቅ አያስፈልገውም። ጎረቤቱ ቢጠይቀው ስለ ተክሉ፣ ስለ መከርከሙና ስለ ሠራተኞቹ ድካም ያየውን በግልጽ ይንገረው። ይዞት የሚመጣው ምርጥ ስጦታ ለልጆች የሚያሳየው የደረቀ የወይን ቅርንጫፍ ቢሆን፣ ለትምህርተ ክርስቶስ ክፍሉ ከብዙ ጠርሙስ ይበልጣል።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ለምለም ቅርንጫፍ የሚከረከመው ለምንድን ነው? ይህ በሕይወታችን ምን ያስታውሰናል?
2. ጠጅ ለመሥዋዕተ ቅዳሴ የማይሆነው ለምንድን ነው?
3. በቁምስናችን የቅዳሴ ወይን የሚገዛው፣ የሚያስቀምጠውና የሚፈትሸው ማን ነው?
4. መጠጥን የተወ ሰው በመካከላችን ቢኖር፣ በበዓሎቻችንና በግብዣዎቻችን እንዴት እናግዘዋለን?