ቅቤው ለምን ላላ?

ደሴ ፒያሳ ገዢው ቅቤውን በጣቱ ነካ አድርጎ «ዘይት ደባልቀሽበታል!» ይላል፤ ዋጋውንም ይሰብራል። እኛ ግን አስቀድሞ ስለ መኖው ይጠየቅ እንላለን። በመስከረም ላሟ ለምለም ሣር ስለምትግጥ ቅቤዋ ቢጫና ለስላሳ ይሆናል፤ በበጋ ጭድ ስትበላ ነጣ፣ ጠጠር ይላል። ቢጫነቱ የሣሩ ቀለም ነው። ልስላሴው ግን የስቡ ዓይነት ነው፦ አንዱ ስብ እንደ ኑግ ዘይት ይፈሳል፣ ሌላው እንደ ሞራ ይረጋል። ለምለም ሣርና የኑግ ፋጉሎ የሚፈሰውን ያበዛሉ። ታዲያ ፋጉሎ የበላች ላም ዘይት አትታለብም! በጨጓራዋ ያሉ በዓይን የማይታዩ ተሐዋስያን አብዛኛውን ወደሚረጋው ይለውጡታል። ዶሮ ግን አታመሰኳም፤ የበላችው ዘይት ከስቧም ከእንቁላሏም ይገባል። ሙቀትም አለ፤ ደሴ የጠጠረው ቅቤ ኮምቦልቻ ሲወርድ ይላላል። ስለዚህ ሁለት ቅቤ የሚወዳደረው በአንድ ቦታ፣ በአንድ ሰዓት ነው።