ቁልፍ ሲነካ ፕሮግራም ምን ይደርሰዋል?

ተርሚናል የምንለው ትእዛዝን በፊደል እየጻፍን ከኮምፒዩተር ጋር የምንነጋገርበት መስኮት ነው። በዚህ መስኮት የሚሠራ ፕሮግራም ከሁለት ወገን መልእክት ይቀበላል፤ ይኸውም አንደኛው ከሰው ጣት፥ ሁለተኛው ኮምፒዩተሩን ከሚያስተዳድረው ሥርዓት ነው። ሁለቱን በሚገባ የማያስተናግድ ፕሮግራም የሰውን ድካም ከንቱ ያስቀራል።

አንደኛ፤ ስለ ቁልፍ። ቁልፍ በተነካ ጊዜ ለፕሮግራሙ የሚደርሰው ቁጥር ነው። በ1963 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በወጣው አስኪ በተባለው ሠንጠረዥ የላቲኑ ትልቁ «ሲ» 67 ነው። ኮንትሮል የተባለውን ቁልፍ ይዘን «ሲ»ን ስንነካ ከ67 ላይ 64 ተቀንሶ 3 ይላካል። ኤስኬፕ የተባለው ቁልፍ 27 ሲሆን፥ ወደ ላይ የሚያመለክተው ቀስት ግን ብዙውን ጊዜ 27፥ 91 እና 65 ሆኖ በተከታታይ ይመጣል። እንግዲህ 27 ሲደርስ ኤስኬፕ ነውን? ወይስ የቀስት መጀመሪያ? ይህን ለመለየት ፕሮግራሙ ጥቂት መጠበቅ አለበት። ኤንከርስስ የተባለው የታወቀ የፕሮግራም ሠሪዎች መሣሪያ ቀስቶችን እንዲለይ ሲታዘዝ፥ ሌላ ልክ ካልተሰጠው እስከ 1000 ሚሊሰከንድ፥ ማለት አንድ ሙሉ ሰከንድ ይጠብቃል።

ሁለተኛ፤ ስለ ሥርዓቱ መልእክት። በዩኒክስና በሊኑክስ ይህ መልእክት ሲግናል ይባላል። እንደ ልማዱ 3 ቁጥር ለፕሮግራሙ አይደርስም፤ ሥርዓቱ በመንገድ ይይዘውና ሲግኢንት የተባለውን 2ኛ ሲግናል ይልካል። ፕሮግራሙም ካልተዘጋጀበት ወዲያው ይቆማል። መስኮቱ ሲሰፋ ወይም ሲጠብ ሲግዊንች ይመጣል፤ ያን ጊዜ ገጹን በአዲሱ ልክ እንደ ገና ማሳየት ያስፈልጋል። መስኮቱ ሲዘጋ ደግሞ ሲግሃፕ ይመጣል፤ ያልተቀመጠውን ጽሑፍ ለማዳን ጊዜው ይህ ነው።

ሲግናል ፕሮግራሙ ሌላ ሥራ ይዞ ሳለ ድንገት ይደርሳል። ስለዚህ ብልኅ ፕሮግራም ሠሪ መምጣቱን ብቻ ይመዘግባል፤ ከዚያም ቁልፉና ሲግናሉ በአንድ ሰልፍ ሆነው በየተራቸው ይስተናገዳሉ።

ብዙ ፕሮግራሞች ቁልፉን ሁሉ ራሳቸው ለመቀበል የተርሚናሉን ደንብ ይለውጣሉ። ያን ጊዜ 3 እንደ ማናቸውም ቁጥር ስለሚደርስ፥ ለተጠቃሚው መውጫ ማዘጋጀት የሠሪው ግዴታ ነው። ፕሮግራሙ ሲያበቃም የለወጠውን ደንብ መመለስ አለበት፤ አለዚያ ተጠቃሚው የሚጽፈው ፊደል ላይታየው ይችላል። ሲግኪል የተባለው 9ኛው ሲግናል ግን ለመመለሻም ለማዳኛም ፋታ አይሰጥም። ስለዚህ ጽሑፍን በየጊዜው ማስቀመጥ ይገባል።

እንግዲህ ተማሪዎች ሆይ፥ ፕሮግራም ስትሠሩ ከሁሉ አስቀድማችሁ መውጫውን አሰናዱ።