በሰኔ ወር የጓሮ አትክልትን ስለ መመልከት

ልጆች ሆይ፥ በአገራችን የወራት አከፋፈል ፀደይ የሚባለው ከመጋቢት 26 ቀን እስከ ሰኔ 25 ቀን ያለው ጊዜ ነው። በአዊ ምድር፥ በእንጅባራና በዳንግላ፥ የፀደይ መጨረሻ ዝናብ የሚበረታበት፥ በጋ ያደረቀው መሬትም የሚለሰልስበት ነው። በዚህ ጊዜ በማለዳ ተነሥታችሁ ወደ ጓሮ ብትወጡ ትናንት ያልነበረ ነገር ታገኛላችሁ።

አስቀድማችሁ የቀርቀሃውን ሥር ተመልከቱ። መሬቱ ዝናብ ሲጠግብ እንደ በሬ ቀንድ የሾለ ቡቃያ ብቅ ይላል። ሌላው ዛፍ በየዓመቱ እየወፈረ ይሄዳል፤ ቀርቀሃ ግን ከመሬት ሲወጣ በያዘው ውፍረት ይኖራል፥ ወደ ላይ ብቻ ይረዝማል። ጥቂት ወራት ሳያልፉም ቁመቱ ከቤት ጣራ ይበልጣል። ጫፉን ጥጃ ከነከሰው ግን ያ ቡቃያ ከእንግዲህ አያድግም።

አደይ አበባም በዚህ ወራት ከሣር ጋር ተደባልቃ ትበቅላለች፤ ወርቅ መስላ የምትታየው በመስከረም ስለ ሆነ ዛሬ የሚያውቃት የለም።

እኔ ከአበባ ሁሉ አብልጬ የዱባን አበባ እወዳለሁ፤ ብዙ ሰው ሳያስተውለው ያልፋልና። በአንዱ ሐረግ ላይ ሁለት ዓይነት አበባ አለ። አንዱ ወንድ ነው፥ በቀጭን አገዳ ላይ ይቆማል። ሁለተኛይቱ ሴት ናት፤ ከአበባዋ በታች የጣት ጫፍ የምታህል ትንሽ ዱባ ትታያለች። ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚያብበው ወንዱ ነው፤ ስለዚህ የመጀመሪያው አበባ ፍሬ ሳይሰጥ ቢረግፍ ዱባው መከነ ብላችሁ አትዘኑ። አበባው በማለዳ ይከፈታል፥ ወደ ቀትርም ይዘጋል። በዚህ አጭር ጊዜ ውስጥ ንብ ብናኙን ከወንዱ ተሸክማ ወደ ሴቲቱ ካላደረሰች ትንሺቱ ዱባ ቢጫ ሆና ትወድቃለች። በአዊ በቤታቸው አጠገብ ቀፎ የሚያኖሩ ብዙዎች ናቸው፤ ስለ ማሩ ንብን የሚያመሰግናት ሁሉ ስለ ዱባው ግን አያመሰግናትም። ዝናብ ሲያዘወትር ንብ ከቀፎዋ አትወጣም። ያን ጊዜ ወንዱን አበባ ቀጥፋችሁ በሴቲቱ አበባ ውስጥ ቀስ ብላችሁ ብታሹት የንብን ሥራ ትሠራላችሁ።

የአዊ ደጋ አፈር በብዙ ስፍራ ኮምጣጣ ነው፤ ብዙ ዝናብ በውስጡ ያለውን ኖራ የመሰለ ነገር አጥቦ ይወስደዋልና። በእንዲህ ያለ መሬት ገብስ ይቀጭጫል። የጓሮው ጎመንና ነጭ ሽንኩርት ግን ይለመልማሉ። ስለ ምን? እናት የምድጃውን አመድና የበረቱን ፍግ በየጊዜው ስለምትደፋበት ነው። አመድ የአፈሩን ኮምጣጣነት ይቀንሳል፥ ፍግም ይመግበዋል።

አሁን ወደ ድንቹ እንሂድ፤ የቤቱ ተስፋ በእርሱ ላይ ነውና። በሐምሌና በነሐሴ ጤፉም ገብሱም ገና በማሳ ሳለ ጎተራው ይጎድላል። በግንቦት የተተከለ ድንች ግን ከሦስት እስከ አራት ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ይደርሳል፥ ያንንም የጭንቅ ጊዜ ያሻግራል። ድንች የጥንት አገሩ ደቡብ አሜሪካ ነው። ወደ ኢትዮጵያ ያመጣው ሺምፐር የሚባል ጀርመናዊ የዕፅዋት ሊቅ እንደ ሆነ፥ ዘመኑም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር 1858 እንደ ነበረ ይነገራል። የምንበላው ክፍል ሥር ይመስላል እንጂ ሥር አይደለም፤ በመሬት ውስጥ ያበጠ ግንድ ነው። ዓይን የምንላቸውም ጎድጓዶች ቡቃያ የሚወጣባቸው ናቸው። ፀሐይ ካገኘው አረንጓዴ ይሆናል፥ መርዝም ይይዛል፤ አይበላም። አፈር የምናስታቅፈው ስለዚህ ነው።

ድንች ክፉ ጠላት አለው። ጉምና ካፊያ በማይለይበት ሳምንት በቅጠሉ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ይታያል፤ ከቅጠሉ በታችም ነጭ ሻጋታ ይወጣል። ዝም ካሉት ማሳው ሁሉ በጥቂት ቀን ውስጥ እንደ ተቃጠለ ይሆናል። ይህ በሽታ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1845 ወደ አየርላንድ ገባ። በዚያ አገር ብዙው ድኻ ከድንች በቀር የሚበላው አልነበረውምና፥ በተከተሉት ዓመታት አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው በራብና ራብ ባመጣው ደዌ ሞተ።

እንግዲህ በዳንግላ አጠገብ አንድ ልጅ አለ እንበል። ድንቹን በየማለዳው ሳይመለከት ወደ ትምህርት ቤት አይሄድም። አንድ ቀን እየሮጠ ወደ ቤት ገባና፥ «እማ፥ በዳር ባሉት ሦስት ድንቾች ቅጠል ላይ ጥቁር ነገር አየሁ» አለ። እናቱ ወጥታ ቅጠሉን ገለበጠች፥ ነጩንም ሻጋታ አየች። ወዲያውም ሦስቱን፥ በአጠገባቸውም ያሉትን ሁለቱን ነቀለች። ታናሽ እኅቱ አለቀሰች፤ «እማ፥ አበባ ያወጣውን ለምን ትነቅይብናለሽ? በሐምሌ ምን እንበላለን?» አለች።

እናቲቱም፥ «የኔ ልጅ፥ ለሐምሌ ብዬ ነው የነቀልሁት» አለቻት። የነቀለችውን ከጓሮው አርቃ ጉድጓድ ውስጥ ቀበረችው፤ እጅዋንም ታጠበች። ልጁም እስከ ነሐሴ ድረስ በየማለዳው ቅጠሉን እየገለበጠ አየ። ሁለት ጊዜ ደግሞ የታመመ አገኘ፥ ሁለት ጊዜም ነገራት።

ድንቹ ሲደርስ እናት ቅጠሉን አስቀድማ አጭዳ አራቀች፤ በቅጠሉ ላይ ያለው በሽታ ወደ ፍሬው እንዳይወርድ ነው። ከዚያ በኋላ ቈፈሩ። የተወጋውንና ትንሹን ለምግብ ለየች። ጤነኛውንና መካከለኛውን ግን ልጆቹ እየተራቡ እንኳ አላስነካችም፤ ብርሃን በሚያገኝ፥ ፀሐይ ግን በማይመታው ስፍራ በቀርቀሃ ቆጥ ላይ ዘረጋችው። ከጥቂት ሳምንት በኋላ አረንጓዴ ሆነ። ታናሺቱም፥ «ተበላሸ!» ብላ ጮኸች። ወንድሟ ግን አንዱን አንሥቶ ከየዓይኑ የወጣውን አጭርና ወፍራም ቡቃያ አሳያት፤ ለመብላት የማይሆነው ያ አረንጓዴ ድንች ለዘር የተዘጋጀው ነበር።