በከፋ ዞን የመስክ ተሽከርካሪዎች የነዳጅ ፍጆታና የጉዞ ርቀት ግምት፦ አንድ ቁጥር ለምን አይበቃም?

መግቢያ

የከፋ ዞን ርእሰ ከተማ የሆነችው ቦንጋ ከአዲስ አበባ በጅማ በኩል 450 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ትገኛለች። እስከ ከተማዋ የሚያደርሰው መንገድ አስፋልት ሲሆን አስፋልቱ ወደ ሚዛን አማንም ይቀጥላል። ከዚህ ዋና መስመር ወጥቶ ወደ ዴቻ፣ ወደ አዲዮ ወይም ወደ ጌሻ ወረዳ ገጠር ቀበሌዎች የሚያቀና ተሽከርካሪ ግን በአመዛኙ ኮረኮንችና የአፈር መንገድ ይጠብቀዋል። ዞኑ በኦሞ ወንዝ በኩል ካለው ቆላ አንሥቶ ከ3,000 ሜትር በላይ እስከሚደርሱ ደጋማ ቦታዎች የሚዘልቅ ነው፤ ዝናቡም በዓመት ከ1,500 ሚሊ ሜትር በላይ በመሆኑ የአፈር መንገዱ ረዘም ላሉ ወራት እርጥብ ሆኖ ይቆያል።

በዚህ መልክዓ ምድር የጤና፣ የግብርና፣ የደን ጥበቃና የምርምር ሥራ የሚከናወነው በትላልቅ የመስክ ተሽከርካሪዎች፣ በተለይም በቶዮታ ላንድክሩዘር ሃርድቶፕና በፕራዶ ነው። የነዳጅ ዕቅዳቸው በሦስት ዓይነት ቁጥሮች ላይ ይመሠረታል፤ እነዚህም አምራቹ ያወጣው የፍጆታ መጠን፣ በዳሽቦርዱ ላይ የሚታየው የቀሪ ርቀት ግምት እና መሥሪያ ቤቱ ለየተሽከርካሪው የሚመድበው የኪሎ ሜትር በሊትር ልክ ናቸው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሦስቱም አንድ የጋራ ድክመት እንዳለባቸው ማሳየት ነው፤ ይኸውም በአንድ ዓይነት መንገድ የተገኘን አማካይ በሌላ ዓይነት መንገድ ላይ መጫናቸው ነው። ስሕተቱም ወዲያና ወዲህ የሚዋዥቅ ሳይሆን ወደ አንድ ወገን የሚያጋድል ነው። መዘዙ ደግሞ ቀላል አይደለም፤ በአንድ በኩል ወላድ ይዞ ወደ ቦንጋ ገብረጻዲቅ ሻዎ ሆስፒታል የሚመጣ አምቡላንስ መንገድ ላይ ነዳጅ ሊጨርስ ይችላል፤ በሌላ በኩል ጥፋት የሌለበት ሹፌር በነዳጅ ጉድለት ሊጠረጠር ይችላል።

የአምራቹ ቁጥር ከየት ይመጣል?

አምራቾች የሚያወጡት የነዳጅ ፍጆታ የሚለካው ተሽከርካሪው በቤተ ሙከራ ውስጥ በሚሽከረከሩ ሮለሮች ላይ ቆሞ፣ ቀድሞ የተወሰነ የፍጥነት መርሐ ግብር እየተከተለ ነው። በአውሮፓ ለረጅም ጊዜ ያገለገለው የሙከራ ዑደት 11 ኪሎ ሜትርን በ20 ደቂቃ ገደማ የሚሸፍንና አማካይ ፍጥነቱ በሰዓት 33.6 ኪሎ ሜትር የሆነ ነበር። እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2017 ጀምሮ የተተካው ዑደት ደግሞ 23 ኪሎ ሜትር ገደማ በ30 ደቂቃ የሚሸፍን ሲሆን አማካይ ፍጥነቱ በሰዓት 46.5 ኪሎ ሜትር ነው። ሁለቱም ዑደቶች ዳገትና ቁልቁለት፣ ጭቃና ጠጠር የላቸውም።

በዚህ ቁጥርና በእውነተኛው ፍጆታ መካከል ያለው ልዩነት በአውሮፓም ቢሆን ሰፊ ሆኖ ተገኝቷል። ዓለም አቀፉ የንጹሕ ትራንስፖርት ምክር ቤት ባወጣው ጥናት፣ እ.ኤ.አ. በ2001 9 በመቶ ገደማ የነበረው ልዩነት በ2015 ወደ 42 በመቶ ገደማ አድጓል። አዲሱ ዑደት ክፍተቱን ቢያጠብበውም አልዘጋውም፤ የአውሮፓ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ሪፖርት ከተሽከርካሪዎቹ በቀጥታ የተሰበሰበ መረጃ የቤንዚንና የናፍጣ መኪኖች ከተመዘገበላቸው መጠን 20 በመቶ ገደማ በላይ እንደሚፈጁ አሳይቷል። ይህ የታየው ግን በአመዛኙ በአስፋልት ላይ በሚጓዙ መኪኖች ነው።

የኃይል ስሌት

በከፋ መንገዶች ላይ ልዩነቱ ከየት እንደሚመጣ ለማየት በስሌት የተሠራ ማሳያ ይጠቅማል። የሚከተሉት አኃዞች በመስክ የተለኩ ሳይሆኑ ከታወቁ የፊዚክስ ግንኙነቶች የተሰሉ ናቸው። ከነጭነቱ 3,000 ኪሎ ግራም የሚመዝን፣ አሮጌ የናፍጣ ሞተር ያለው የመስክ ተሽከርካሪ ይታሰብ። አንድ ሊትር ናፍጣ 36 ሜጋ ጁል ገደማ ኃይል ይይዛል፤ ከዚህ ውስጥ ሩቡ ማለትም 9 ሜጋ ጁል ጎማው ላይ ይደርሳል ተብሎ ይወሰድ።

በአስፋልት ላይ የመንከባለል ተቃውሞ ኮኤፊሸንት 0.015 ቢሆን የጎማው ተቃውሞ 441 ኒውተን ይሆናል። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት በቦንጋ ከፍታ የሚኖረው የአየር ተቃውሞ 384 ኒውተን ገደማ ነው። ድምሩ ለ100 ኪሎ ሜትር 82.5 ሜጋ ጁል፣ ማለትም 9.2 ሊትር ናፍጣ ይጠይቃል። በደረቅ ኮረኮንች ላይ ኮኤፊሸንቱ ወደ 0.025 ቢያድግና ፍጥነቱ ወደ 50 ኪሎ ሜትር ቢወርድ፣ የጎማው ተቃውሞ ሲጨምር የአየሩ ስለሚቀንስ ፍጆታው 9.8 ሊትር ብቻ ይሆናል። በረጠበ የአፈር መንገድ ላይ ግን ኮኤፊሸንቱ 0.05፣ ፍጥነቱም 35 ኪሎ ሜትር ቢሆን ፍጆታው ወደ 17.2 ሊትር ያሻቅባል።

ከዚህ ንጽጽር የሚወጣው ቁም ነገር ከተለመደው አስተሳሰብ ለየት ያለ ነው። ዋናው ልዩነት በአስፋልትና በኮረኮንች መካከል ሳይሆን በደረቅና በእርጥብ መካከል ነው። ያው መንገድ በጥርና በሐምሌ ሁለት የተለያዩ መንገዶች ናቸው ማለት ይቻላል። እውነተኛው የክረምት ፍጆታ ከስሌቱም ሊበልጥ ይችላል፤ ምክንያቱም ጎማ በጭቃ ውስጥ ሲንሸራተትና ሞተር በዝቅተኛ ማርሽ በከፍተኛ ዙር ለረጅም ሰዓት ሲሠራ የሚባክነው ነዳጅ በዚህ ማሳያ አልተካተተም።

ዳገቱም የራሱን ድርሻ ያክላል። ይህን ተሽከርካሪ 1,000 ሜትር ሽቅብ ለማውጣት 29.4 ሜጋ ጁል፣ ማለትም 3.3 ሊትር ገደማ ተጨማሪ ናፍጣ ያስፈልጋል። ቁልቁለቱ ይህን ሙሉ በሙሉ አይመልስም። በመውረድ የሚቆጠበው ቢበዛ በሜዳ ላይ ይቃጠል የነበረው ነዳጅ ነው፤ የቀረው ኃይል በፍሬን ሸራና በሞተር እገዳ ወደ ሙቀት ተለውጦ ይጠፋል። ስለዚህ መነሻና መድረሻው እኩል ከፍታ ላይ ቢሆኑም መሐሉ ወጣ ገባ የሆነ መንገድ ከሜዳው የበለጠ ይፈጃል።

የዳሽቦርዱ ግምት ወዴት ያዘነብላል?

የጉዞ ኮምፒውተር ያላቸው ተሽከርካሪዎች ቀሪውን ርቀት የሚገምቱት በታንኩ ያለውን ነዳጅ በቅርብ ጊዜ በታየው አማካይ ፍጆታ በማስላት ነው። መሣሪያው ያለፈውን እንጂ የሚመጣውን መንገድ አያውቅም። የቶዮታ የባለቤት መመሪያዎችም የሚታየው ርቀት በአማካይ ፍጆታ ላይ የተመሠረተ በመሆኑ እውነተኛው ርቀት ሊለይ እንደሚችል ይገልጻሉ። ኮምፒውተር የሌላቸው አሮጌ ሃርድቶፖች ሹፌሮችም በልምድ የሚያሰሉት በተመሳሳይ መንገድ ነው።

ከጅማ በአስፋልት መጥቶ ቦንጋ ሲደርስ 30 ሊትር የቀረው ተሽከርካሪ፣ ከላይ በተሰላው የ9.2 ሊትር ፍጆታ መሠረት 325 ኪሎ ሜትር ገደማ እንደሚቀረው ያሳያል። ከዚያ ወደ እርጥብ የአፈር መንገድ ቢታጠፍ በዚያው ነዳጅ የሚጓዘው 175 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ መንገዱ 1,000 ሜትር የሚያወጣ ከሆነ ደግሞ ወደ 155 ይወርዳል። በተቃራኒው ከገጠር ወደ ቦንጋ የሚመለሰው ተሽከርካሪ ከእውነታው ያነሰ ርቀት ያሳያል፤ ይህ ግን ማንንም አይጎዳም። ጎጂው ስሕተት የሚፈጠረው ተሽከርካሪው ከማደያ እየራቀ ወደ ከፋው መንገድ በሚገባበት ጊዜ ነው። ግምቱ ይበልጥ የሚሳሳተው እርዳታ ይበልጥ በሚርቅበት ቦታ ነው ማለት ነው።

በአማካይ አወሳሰድ ውስጥ የተደበቀ ጉድለት

ሌላው የስሕተት ምንጭ ከሞተሩም ከመንገዱም ሳይሆን ከሒሳብ አሠራሩ የሚመነጭ ነው። ከላይ ያለው ተሽከርካሪ በአስፋልት በሊትር 10.9 ኪሎ ሜትር፣ በእርጥብ አፈር 5.8 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። መሥሪያ ቤቱ ሁለቱን ደምሮ ለሁለት በማካፈል በሊትር 8.3 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚል ልክ ቢያወጣ፣ ለ1,000 ኪሎ ሜትር 120 ሊትር ይፈቅዳል። ተሽከርካሪው ግን 500 ኪሎ ሜትር በአስፋልት፣ 500 ኪሎ ሜትር በእርጥብ አፈር ቢጓዝ 46 እና 86፣ በድምሩ 132 ሊትር ይፈጃል። የጎደለው 12 ሊትር በማንም አልተወሰደም፤ የተፈጠረው የኪሎ ሜትር በሊትር ቁጥሮች በቀጥታ አማካይ ሊወሰድባቸው ስለማይገባ ነው። ፍጆታ በሊትር ለ100 ኪሎ ሜትር ተገልጾ በየመንገዱ ርቀት ተባዝቶ ቢደመር ይህ ጉድለት አይኖርም።

እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2022 ጀምሮ የነዳጅ ድጎማው በደረጃ እየተነሣ የችርቻሮ ዋጋው ከፍ በማለቱ እያንዳንዱ ሊትር ጥብቅ ክትትል ይደረግበታል። ቁጥጥሩ ተገቢ ነው፤ በተሳሳተ ልክ የሚደረግ ቁጥጥር ግን ታማኙን ከአጥፊው አይለይም። ልኩ በክረምት ሲጠብብ ታማኙ ሹፌር ጎደሎ ሒሳብ ያስረክባል፤ በበጋ ሲላላ ደግሞ እውነተኛ ምዝበራ ሳይታይ ያልፋል።

የመለኪያ መሣሪያዎች ስሕተት

ከዚህ በተጨማሪ ሦስት ነገሮች መዝገቡን ያዛባሉ። አንደኛው የነዳጅ ጌጁ ነው፤ በታንኩ ውስጥ ባለ ተንሳፋፊ ስለሚሠራ ዳገት ላይ የቆመ ተሽከርካሪ ከእውነተኛው የተለየ መጠን ያሳያል። ሁለተኛው ጎማው ነው፤ ኪሎ ሜትር ቆጣሪው የሚቆጥረው የጎማውን ዙር በመሆኑ ከተመደበው መጠን የሚበልጥ ጎማ የተጓዘውን ርቀት ያሳንሳል፣ ያለቀ ጎማ ደግሞ ያበዛል። ሦስተኛው ከፍታው ነው፤ በ1,700 ሜትር የአየሩ እፍጋት ከባሕር ጠለል በ15 በመቶ ገደማ ስለሚያንስ ቱርቦ የሌለው ሞተር ጉልበቱ ይቀንሳል፤ የናፍጣ ፓምፑ ለከፍታው ካልተስተካከለም ነዳጁ በሚገባ ሳይቃጠል በጥቁር ጭስ ይወጣል።

የሚመከር አለካክ

አስተማማኝ መረጃ ለመሰብሰብ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ከሙሉ እስከ ሙሉ በሚባለው ዘዴ ተሽከርካሪው በሜዳ ላይ ቆሞ፣ በአንድ ማደያና በአንድ ፓምፕ እስከ ተወሰነ ምልክት ይሞላል፤ ጉዞው ካለቀ በኋላ በዚያው ቦታ እስከዚያው ምልክት ሲሞላ የገባው ሊትር ፍጆታው ነው። በአሞላል ላይ የአንድ ሊትር ስሕተት ቢኖር በ20 ሊትር ጉዞ 5 በመቶ፣ በ60 ሊትር ጉዞ ግን ከ2 በመቶ በታች ስለሚሆን ርቀቱን ማስረዘም ወይም ጉዞውን መደጋገም ይገባል። ርቀቱ በጂፒኤስ ይረጋገጥ፤ የጭነቱ ክብደት፣ የጎማው ነፋስና ሞተሩ ቆሞ የሠራበት ሰዓትም ይመዝገብ።

ልኬቱ ቢያንስ በሦስት የመንገድ ዓይነቶች፣ ማለትም በአስፋልት፣ በኮረኮንችና በአፈር፣ እንዲሁም በሁለት ወቅቶች ተለይቶ ቢካሄድ ለየተሽከርካሪው ስድስት ቁጥሮች ይገኛሉ። የአንድ ጉዞ የነዳጅ ዕቅድ በየመንገዱ ዓይነት ያለውን ርቀት በተገቢው ቁጥር ማባዛት፣ የዳገቱን ድርሻ መጨመርና በመጨረሻም መጠባበቂያ መያዝ ይሆናል። ለአምቡላንሶች መጠባበቂያው በመቶኛ ሳይሆን በመንገድ ቢገለጽ ይሻላል፦ ከየትኛውም ቀበሌ ተነሥቶ በክረምት ፍጆታ ወደ ቅርብ ማደያ የሚያደርስ ነዳጅ ከሌለ ተሽከርካሪው ከቦንጋ መነሣት የለበትም።

ማጠቃለያ

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች እንዳይገቡ መከልከሏ ጥያቄውን አያስቀረውም። ነባሮቹ የናፍጣ ተሽከርካሪዎች ለተጨማሪ ዓመታት ማገልገላቸው ስለማይቀር ፍጆታቸው ከዕድሜያቸው ጋር አብሮ መለካት አለበት። በኤሌክትሪክ የሚሠሩት ደግሞ በቁልቁለት ከሚባክነው ኃይል የተወሰነውን ወደ ባትሪ ቢመልሱም፣ የቀሪ ርቀት ግምታቸው ያለፈውን መንገድ መሠረት እስካደረገ ድረስ በጭቃና በዳገት ፊት ያው ድክመት ይታይባቸዋል። ለከፋ የሚያስፈልገው የተሻለ አንድ ቁጥር ሳይሆን፣ መንገዱንና ወቅቱን የሚለይ አጭር ሠንጠረዥ ነው፤ ይህም በአንድ ዓመት የመስክ ልኬት ሊዘጋጅ የሚችል የምርምር ሥራ ነው።